አፈሙዝ እስኪበርድ

"ከዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች፣ ይህ ዳቦ ጉሮሮዬ ላይ ይቅር!" አለና ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነክሮ ወደ አፉ ወረወረው።

ዳቦው ጉሮሮው ላይ አልቀረም። እንደውም ሁለት ተከታዮች አስከትሎ በሰላም ወረደ።

"ጋሼ አፈሙዝ ሳይምል ሲያወራ ትንሽ ትንሽ አምነዋለሁ፤" አለ ሹፌሩ ለነርሷ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ። "መማል ሲጀምር ግን ቀበቶዬን ነው የማጠብቀው።"

"አንተ ዝም በል! ያየሁትን ነው የምናገረው፤ በእነዚህ ዓይኖቼ!"

የምሳ ሰዓት ነበር። የድርጅቱ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ላይ የተነጠፈው ላስቲክ ከሰው ክንድ ጋር እየተጣበቀ፣ ክንድ በተነሳ ቁጥር እንደ ፕላስተር እየተላጠ ይጮኻል። ሾርባው ከቀረበ ቆይቶ ስለነበር ከላይ ነጭ የስብ ቆዳ አውጥቷል። ከጠረጴዛው በአንዱ ወገን ሹፌሩና የክሊኒኩ ነርስ ተቀምጠዋል፤ በሌላው ወገን ደግሞ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ የሁለት ሰው ቦታ ለብቻው የያዘው አፈሙዝ ነው።

ይህን ስም ያወጡለት የጥበቃ ሠራተኞቹ ናቸው። ገሚሶቹ፣ ከግቢው ጀርባ ባለው የተኩስ ሜዳ የመሣሪያ ሠራተኛ ስለሆነና ዕድሜውን ሙሉ የጠመንጃ አፈሙዝ ሲወለውል ስለኖረ ነው ይላሉ። ገሚሶቹ ደግሞ አንዴ መተኮስ ከጀመረ በቀላሉ ስለማይበርደው ስለ ገዛ አፉ ነው ይላሉ። ሹፌሩ ብቻ ስሙን ለሁለት ከፍሎ፣ "አፈ ሙዝ ማለት ሙዝ የጎረሰ አፍ ማለት ነው፤ ሲናገር አይታያችሁም?" ብሎ ይተረጉመዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ አንድም ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

"እና ትናንት የሆነውን ልንገራችሁ፤" አለ አፈሙዝ ማንኪያውን እንደ አለንጋ እያወዛወዘ። "የጥበቃዎቹ ዓመታዊ ፈተና ነበር። አምስት ጥበቃ፣ አንድ ጠመንጃ። ሁለተኛው ተበላሽቶ ግምጃ ቤት ተኝቷል። እያንዳንዱ ሰው አስር ጥይት ይተኩሳል፤ ከአስሩ ስድስት የመታ ያልፋል፣ አምስት የመታ ደህና ሁን ይባላል። የመጨረሻዋ ተፈታኝ ማን መሰለቻችሁ? የመጋዘኗ ሴትዮ!"

"እትዬ መጋዘን?" አለች ነርሷ። ሾርባዋን ማማሰሏን አቆመች።

"እሷው! አስራ ዘጠኝ ዓመት አንድ በር ላይ የቆመች ሴት። አምና ለጥቂት ወድቃ በልመና ነው ያቆዩዋት። ዘንድሮ ከወደቀች አለቀላት፤ ዩኒፎርሟን አጣጥፋ አስረክባ መሄድ ነው። ይህን የጥበቃ አለቃውም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። እጇ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይሰማ ነበር።"

"እጅ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል እንዴ?"

"የእሷ ይሰማ ነበር!"

ከዚያ ወዲያ አፈሙዝን የሚያቆመው አልተገኘም። እንደ እሱ አነጋገር የትናንቱ ፀሐይ ምድር ከተፈጠረች ወዲህ ያልታየ ነበር፤ የተኩስ ሜዳው ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ጉድጓድ በመሆኑ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሲዞር ይውላል፤ እንሽላሊቶቹ እንኳ ቋጥኙ ላይ ቆመው እግራቸውን ተራ በተራ እያነሱ ያቀዘቅዙ ነበር። አራት ጥበቃዎች በላይ በላዩ ተኩሰዋል። አርባ ጥይት። ጠመንጃው ሲጋራ ይለኩሳል። ከአፈሙዙ በላይ ያለው አየር እንደ ውሃ እየተርገበገበ ኢላማው የሚደንስ ይመስላል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የባለሙያ ነገር የሚመጣው።

"ብረት ሲግል ይዋሻል፤" አለ አፈሙዝ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ። "ወደዚህ ነው የምተኩሰው ትላለህ፣ እሱ ወደዚያ ይልከዋል። ስለዚህ ከአንዱ ሰው በኋላ ሌላው ከመተኮሱ በፊት ይበርዳል። እንዴት ነው የሚበርደው? ጥይት መጉረሻውን ትከፍታለህ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርገህ ጥላ ውስጥ ታቆመዋለህ። ቀጥሎ የእኔ ፈጠራ ይመጣል፤ የብስክሌት ጎማ መንፊያ! ቱቦውን ከኋላ ሰክተህ አየር ትነፋበታለህ። በመጨረሻ መዳፍህን ትጭንበታለህ፤ እስከ አስር ቆጥረህ እጅህን ካላነሳህ በርዷል። ሰባት ላይ ካነሳህ አልበረደም። ይህን ዘዴ ከውጭ አገር መጥተው ከእኔ ተምረዋል።"

"ማን?"

"ሰዎች።"

"ብረት ሲግል ይዋሻል ነው ያልከው?" አለ ሹፌሩ ለነርሷ ዓይኑን እየጠቀሰ። "ሰውም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።"

"ሳቁ፣ ሳቁ። አለቃው ግን ምን እንዳደረገ ስትሰሙ አትስቁም።" አፈሙዝ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ፤ ላስቲኩ ከክንዱ ስር ተንጫጫ። "ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት እንግዶች መጥተዋል። ፈተናውን ለማየት። አለቃው ደግሞ ምሳቸው ሳይደርስ ሊጨርስላቸው ቸኩሏል። ጠመንጃው ይብረድ አልኩት። ‘አምጣው’ አለኝ። ሰጠሁት። እና በሰባቱም እንግዶች ፊት..."

"ቅድም ሦስት ነበሩ።"

"አራቱ በኋላ ደረሱ! በሰባቱም ፊት፣ ወንድሜ፣ ተፋበት!"

"ምን ላይ?"

"አፈሙዙ ላይ! በርዶ እንደሆነ ሊፈትሽ! ምራቄ ካልጮኸ በርዷል ይላል።"

ነርሷ ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አፈሙዝ ግን እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ አይገኝምና ነገሩን ጨርሶ ሊያልፈው አልፈለገም። አለቃው መጀመሪያ እንዴት ጉሮሮውን እንደጠረገ፣ ከደረቱ ሥር የሆነ ነገር እየጎተተ እንዴት እንዳወጣ፣ አፉ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ አገላብጦ እንዴት እንዳደለበው፣ በድምፅ ጭምር አሳየ። ከዚያ ምራቁ ብረቱ ላይ ሲያርፍ "ጭሽሽ" ማለቱን፣ ፈልቶ ወፍራም አረፋ መሥራቱን፣ አረፋው እየተንጠባጠበ ወደ እንጨቱ መያዣ መውረዱን፣ የተረፈው ደርቆ እንደ ወተት ስልባቦት ነጭ ቆዳ መሆኑን ነገራቸው። ሽታውም ነበር፤ የትናንት ሥጋ በጥርስ መሃል አድሮ በእሳት ላይ ሲጣል እንደሚሸተው።

"እንግዶቹ ይስቃሉ! እነዚያ ክራባት ያሰሩ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እሱም አገጩ ላይ የቀረውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ አብሯቸው ይስቃል። ሰው ነው ይሄ? ከዚያች ሴት ጉንጭ አንድ ስንዝር ርቆ በሚቀመጥ ብረት ላይ! እኔ አስጸያፊ ነገር ብዙ አይቻለሁ፤ የሞተ ግመል ሆድ ውስጥ አድሬያለሁ፤ እንዲህ ግን አጥወልውሎኝ አያውቅም። አሁን እንኳ ይህ ሾርባ ላይ ያለውን ቆዳ ሳየው እሱ ነው የሚታየኝ።"

ሹፌሩ ወደ ሳህኑ ተመለከተ። ነጩ የስብ ቆዳ መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ሳህኑን ቀስ አድርጎ ገፋው።

"በቃ፤ እኔ ጠግቤያለሁ።"

"ትተኸው ነው?" አለ አፈሙዝ። መልስ ሳይጠብቅ ሳህኑን ወደ ራሱ ስቦ ዳቦ ነከረበት።

"አንተማ ግመል ሆድ ውስጥ አድረሃል፤" አለ ሹፌሩ።

"ታዲያ ምን አደረግክ?" አለች ነርሷ። "አለቃው ሲተፋ ዝም አልክ?"

አፈሙዝ ይህችን ጥያቄ ነበር ሲጠብቅ የቆየው። አፉን በእጅጌው ጠረገና ወንበሩ ላይ ተቃና። እንደ ነገራቸው ከሆነ ጠመንጃውን ከአለቃው እጅ መንጭቆ ወሰደ። የመነጨቀበት ኃይል አለቃውን ሁለት እርምጃ ወደፊት ወሰደው። ከዚያም በዘጠኙ እንግዶች ፊት...

"ዘጠኝ ሆኑ፤" አለ ሹፌሩ ለራሱ።

"...በዘጠኙ ፊት፣ ‘ስማ! ይህ ጠመንጃ ነው፣ መትፊያ አይደለም! ይህች ሴት የምትተኩሰው ለእንጀራዋ ነው!’ አልኩት። ፊቱ እንደ አሮጌ ፎጣ ተጨማደደ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ነክሬ ያንን ግም ነገር ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ጥይት መጉረሻውን ከፈትኩ፣ ጥላ ውስጥ አቆምኩት፣ መንፊያውን ሰካሁ። ሁለት መቶ ጊዜ ነፋሁ! ላቤ ጫማዬን ሞላው። መዳፌን ጫንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አስር! ብረቱ እንደ ምንጭ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ‘እንኪ እህቴ፣ ተረጋግተሽ ተኩሺ’ ብዬ ሰጠኋት።"

"ስንት መታች?"

"አስሩንም! ዘጠኙ በአንድ ቀዳዳ ነው የገቡት።"

"አስረኛውስ?"

"እሱም እዚያው ሊገባ ነበር፣ ቦታ አጣ።"

ሹፌሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። ግንባሯን ቋጥራ የአፈሙዝን ፊት ታይ ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ፤" አለች። "ትናንት ከምሳ በኋላ እትዬ መጋዘን ክሊኒክ መጥታ የግራ እጇን ሁለት ጣቶች አሽጌላታለሁ። ተቃጥለው ውሃ ቋጥረዋል። በምን ተቃጠልሽ ብላት አልነገረችኝም።"

አፈሙዝ ዳቦውን ማላመጥ አቆመ፤ ግን ለአፍታ ብቻ።

"እሱ... እሱ ሻይ ነው! እንግዶቹ ለደስታው ሻይ አስመጡላት። ትልቅ ማንቆርቆሪያ፤ ሃያ ሊትር ይይዛል። ልቅዳ ብላ ስታነሳው..."

ሹፌሩ ሳቁን በድንገት ቆረጠ። ዓይኑ ከአፈሙዝ ትከሻ በላይ ወደ በሩ አለፈ። ነርሷም ወደዚያው አየች።

"ሻይ አልነበረም፤" አለ ዝግ ያለ የሴት ድምፅ ከአፈሙዝ ጀርባ።

የመጋዘኗ ጠባቂ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ የታሸገ ግራ እጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ በቀኝ እጇ አንድ ወረቀት ይዛ ቆማለች። መቼ እንደገባች ማንም አላየም። ነርሷ ተነስታ ወንበር ልትሰጣት ስትል፣ "ተቀመጪ የኔ ልጅ፣ አልቆይም" አለቻት። ከዚያ ወደ አፈሙዝ ዞረች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የበር መዝገብ የምታነብ ነበር የምትመስለው።

"አምስት ነው የመታሁት። አለቃው አልተፋም፤ እሱ ሜዳው ዳር ባለው ዳስ ውስጥ በስልክ እያወራ ነበር። የተፋኸው አንተ ነህ።"

አፈሙዝ አፉን ከፈተ።

"እንግዶቹን ልታስቃቸው ብለህ። ሦስት ነበሩ። ብረቱ ሲጮህ፣ ‘ኧረ ግሏል ወንድሜ’ አልኩህ። ‘ለሙዚቃው ነው፣ እንኪ’ አልከኝና ሰጠኸኝ። ሳቁ። መንፊያህ ዕቃ ከጫነው መኪና እንኳ አልወረደም።" የታሸጉትን ጣቶቿን ትንሽ ከፍ አደረገቻቸው። "የእንጨቱ መያዣ ስንጥቅ እንዳለው ታውቃለህ፤ በሽቦ ያሰርከው አንተ ነህ። አጥብቄ ስይዝ ጣቶቼ ብረቱን ነኩ። ልልቀቀው እንዳልል ጥይት ጎርሷል። የመጀመሪያዎቹን አምስት መታሁ። ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ።"

አፈሙዝ የመጀመሪያውን መልስ አገኘና ወረወረው፦ "አለቃው ነው ያጣደፈኝ! ምሳ ምሳ እያለ..."

ሴትየዋ ጠበቀች።

ሁለተኛውንም አገኘ፦ "እነዚያ እንግዶች ናቸው! ‘እስቲ አሳየን’ ያሉኝ..."

አሁንም ጠበቀች። ሦስተኛውን ለማግኘት አፉን ሲከፍት አፉ ምራቅ ሞላ። የገዛ ምራቁ ነበር፤ ወፍራም፣ የሾርባ ስብ የሸተተ። ሊውጠው ሞከረ፤ ጉሮሮው ተዘጋበት። ይተፋው ዘንድ ቦታ አልነበረም። ትናንት ብረቱ ላይ ሲፈላ ያየው አረፋ ምላሱ ላይ ያለ መሰለው፤ ያንን ጉሮሮ መጥረግ፣ ያንን አገላብጦ ማደለብ፣ ሲያወራው ቃል ሳያጎድል የቀረጸው ለምን እንደሆነ አሁን አወቀ። ከውስጥ ሆኖ ነበር የሚያውቀው። ምራቁ የደረቀበትን ቦታም ያጠበው ሰው አልነበረም፤ ጉንጯን አስጠግታ ነው የተኮሰችው። ከፊቱ የሹፌሩ ሳህን ተቀምጧል፤ ከስቡ ቆዳ ግማሹን በልቶታል። እየተናነቀው ዋጠው።

ሴትየዋ ወረቀቱን ላስቲኩ ላይ አስቀመጠች።

"ውጤቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለጠፋል። ከተለጠፈ አበቃ። ከዚያ በፊት ጠመንጃው ሳይበርድ መሰጠቱን የመሣሪያ ሠራተኛው ጽፎ ከፈረመ፣ ጣቴ ሲድን እንደገና እፈተናለሁ ብለውኛል። ሌላውን ራሴ ጽፌዋለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ክፍት ነው።" በታሸገው እጇ አመለከተችው። "ያቀበለው ሰው ስም የሚለው። አስራ ዘጠኝ ዓመት እንተዋወቃለን፣ ስምህን ግን አላውቀውም። አፈሙዝ ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ፣ ጠመንጃው ራሱን አቀበለ ይሉኛል።"

በሌላ ጊዜ ቢሆን ሹፌሩ በዚህች ብቻ ሳምንት ይስቅ ነበር። አሁን ግን ራሱን አቀርቅሮ የቁልፍ መያዣውን ያሽከረክራል።

"ከፈረምኩ ሜዳውን ይወስዱብኛል፤" አለ አፈሙዝ። ድምፁ ሾልኮ ነው የወጣው። "ለጽዳት ይመድቡኛል። በዚህ ዕድሜዬ መጥረጊያ..."

"ሊሆን ይችላል፤" አለች ሴትየዋ። "እኔን ግን ለጽዳትም አይመድቡኝም።"

አፈሙዝ ወረቀቱን አየው። ከዚያ ቀኝ መዳፉን ዘረጋና አየው። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ አንዲት ጠባሳ የሌለበት መዳፍ ነበር። እስከ አስር ይቆጥርበታል የተባለው መዳፍ።

"እስክሪብቶ፤" አለ።

ነርሷ ከጋዋኗ ኪስ አውጥታ ሰጠችው። በእጅጌው ላስቲኩን ጠረገ፤ ወረቀቱ እንዳይጣበቅ። ክፍት በሆነው ቦታ ላይ የገዛ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ፊደል ለፊደል፣ እንደ ተማሪ ጻፈ። ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ አነበበና ስሙን በከንፈሩ ብቻ ደገመው።

አፈሙዝ ፈረመ። ከፊርማው በታች ገና ሰፊ ቦታ ነበር፤ የአንድ ገጽ ግማሽ፤ ፀሐዩም፣ እንሽላሊቶቹም፣ አለቃውም፣ እንግዶቹም በሙሉ የሚበቃቸው። እስክሪብቶው እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ አንድ መስመር ጻፈ፦ "እጄን ጭኜ አልቆጠርኩም።"

ወረቀቱን ወደ ሴትየዋ ገፋው።

"ይኸው ነው?" አለ ሹፌሩ።

"ይኸው ነው፤" አለ አፈሙዝ፣ አፉንም ዘጋ።